አምስተኛዋ

ሃያ ሁለት ዓመት፣ በኬፕ ብሬተን ደሴት፣ ከወደቡ እስከ ትምህርት ቤቱ፣
ቢጫ አውቶቡስ ነዳሁ፣ ጭጋጉን እየሰነጠቅሁ፣ ገና ሳይነጋ ሌሊቱ።
የማን ልጅ ቁርስ ሳይቀምስ እንደወጣ አውቃለሁ፣
የማን አባት ሰክሮ እንዳደረ ከልጁ ዐይን አነብባለሁ።
የእኔን ጓዳ ግን ማን ሊያውቀው?
ፖስታው ሳይከፈት ከመሳቢያ፣ ከጓንት ሥር ነው የሚያድረው።

የጀመረው በሞተር ነው። ሎብስተር በሚያዝበት ሰሞን፣
የሄክተር ጀልባ ባሕር መሃል ዝም አለችብን፤
አንዷን ካርድ መዘዝን።
ከዚያ የሺና ጥርስ፣ ከዚያ የማሞቂያው ናፍጣ፣
ከዚያ፣ ምን አስዋሸኝ፣ የገና ሰሞን ከሱቅ የወጣ
ቀይ ካፖርት፤ ለእኔ፣ ለራሴ፣
ብርድ ሳይሆን አምሮት ላንቀጠቀጣት ነፍሴ።

እኔ ሺናን ስወልድ ሁለት ቀን አምጫለሁ፤
ካርድ ግን ያለ ምጥ ስትወልድ አይቻለሁ።
ተኝተን ትወልዳለች፣ በሰንበት ትወልዳለች፣
ወለዷ ጥርስ ሳያወጣ የልጅ ልጅ ታያለች።
በወር መቶ ሃምሳ ዶላር እልካለሁ፤
መቶ አርባው ለአራሷ መጠየቂያ ይሄዳል፤
ቀሪዋ አሥር ዋናውን ስትገፋው፣ ፍንክች አይል፣ ይስቅባታል።

የብድርና ቁጠባ ማኅበሩ ከጸጉር ቤቱ ጎን ነው፣
ድሮ ከሰል ቆፋሪና ዓሣ አጥማጅ በሳንቲም ያቆመው።
አባቴ አባል ነበር። እኔ በበሩ ሳልፍ ነዳጅ እረግጣለሁ፤
የካርዱ ድርጅት «ውድ ደንበኛችን» ይለኛል፤ አያውቀኝም፤ ባለማወቁ እጽናናለሁ።
እዚህ ግን ከጠረጴዛው ማዶ የምትቀመጠው ሊዮና ናት፤
የሰባት ዓመት ልጅ ሳለች፣ ከኋላ ወንበር ቀሚሷ ረጥቦባት፣
«ውኃ ፈሶባት ነው!» ብዬ፣ ጮክ ብዬ፣ የዋሸሁላት።

«ስንት ካርድ?» አለችኝ። «አራት።»
ድምሩን በአፏ አልጠራችውም፤ በእርሳስ ጫፍ አሳየችኝ በወረቀት፤
አሥራ ሰባት ሺህ ስድስት መቶ። ከሃያ ሁለት በመቶ ወደ ዘጠኝ፤ ለአምስት ዓመት።
«ዕዳው አይሰምጥም፣ ሙርዲና። በአራት ጀልባ የተበተነውን
በአንዷ እንጭነዋለን፤ መቅዘፉ ግን ያንቺ ነው» አለች ቀስ ብላ፣ መቀሱን
እያቀበለችኝ። ቆረጥኩ።
«ሙር» በአንድ ወገን ወደቀ፣ «ዲና» በሌላው፤
ስሜ ለሁለት ተከፍሎ፣ እኔ ግን ሙሉ ሰው መሰልኩ ለጊዜው።

አምስተኛዋ ቤት ነበረች፤ ከማቀዝቀዣው፣ ከአተሩ ከረጢት ሥር፣
በእርጎ ዕቃ ውኃ ሞልቼ፣ በበረዶ የቀበርኳት በምስጢር።
ለክፉ ቀን ብዬ።
ክፉ ቀን እኔ ዘንድ ሲመጣ ቀይ ካፖርት ለብሶ ነው።
ሄክተር አንኮራፋ። ማቀዝቀዣው ሌሊቱን ሲያቃስት አደረ፤
ምጥ የያዛት ሴት መሰለኝ፤ አዋላጇም እኔው።

ጠዋት ልጆቹን አውርጄ፣ ባዶውን አውቶቡስ በማኅበሩ በር አቆምኩ፤
የበረዶውን ጡብ በዳቦ ላስቲክ ጠቅልዬ ገባሁ።
ሊዮና ኮቷን አላወለቀችም ገና።
ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። አየችው፤ አየችኝ፤ ወረቀቶቿን ሰብስባ ፎጣ አነጠፈችለትና
ሁለታችንም ተቀምጠን እስኪቀልጥ ጠበቅን።
መጀመሪያ ጥጓ፣ ከዚያ ቁጥሯ፣ ከዚያ ስሜ ብቅ አለ።
ውኃው ከጠረጴዛው ጠርዝ እየተንጠባጠበ ምንጣፉ ላይ ኩሬ አከለ።

በሩ ተከፈተ፤ የወደቡ ሹም ሚስት፣ ምላሷ ከሬዲዮ የሚቀድም፣
ኩሬውን አየች፣ እኔን አየች፣ አፏን ከፈተች፤ ከመናገሯ በፊትም
«ውኃ ፈሶብን ነው!» አለች ሊዮና፣
ጮክ ብላ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ።