ገና ያልተወለደ እንግዳ

ከሸዋ በር በላይ፣ ጦሳ ጉም ሲያወርድ፣
ሁለት ቲኬት ቆርጠን ቆምን ከበሩ ገመድ።
"ስልክና የእጅ ሰዓት እዚህ ይቀመጣል፤
ከደፉ ወዲያ ዘመኑ ሃያ ሁለት ነው፣ ይገባችኋል?"
አለ ዘበኛው ካቦርቱን አጥብቆ፣
የራሱን ስልክ ከኪሱ ደብቆ።
አባቴ ሳቀና ሰዓቱን ፈታ፤
ክንዱ ላይ የነጣ ቀለበት ቀረ፣ የሠላሳ ዓመት ቦታ።

ገባን።
አሞሌ ጨው ቆሟል ከግድግዳው ተጠግቶ፣
ኮርቻው ከነግላሱ ከማገሩ ወጥቶ፣
ሚዛኑ ለጠገራ ብር አፉን ከፍቶ።
አንዲት ልጅ ከመጋረጃው ብቅ አለች፣ ሻሿን አጥብቃ፤
"አረፍ በሉ እንጂ፣ በቅሏችሁ ትሆናለች ደክማ ወድቃ።
ነጋድራስ ይማም ለሰኞ ገበያ ባቲ ወርደዋል፤
ከነጭነታቸው፣ አላህ ካለ፣ ሐሙስ ይገባሉ ተብሏል።"

(እኛ የመጣነው በሚኒባስ ነበር፣
ሦስት ሰው በሁለት ሰው ወንበር።)

አባቴ አልሰማትም። በጣቱ ይቆጥራል፣
ከጥግ እስከ ጥግ አየሩን ይሸነሽናል።
"እዚህ ኬሻ ጋረድን፤ ከኬሻው ወዲያ የሹፌሩ የዘውዱ ቤት፤
ከደረጃው ሥር የእትዬ አረጋሽ ምድጃ፣
እዚህ ጋ የቀበሌው ማስታወቂያ የሚለጠፍበት፤
ሰባት አባወራ ነበርን፣ በአንድ ቧንቧ፣ በአንድ ሽንት ቤት።"

ልጅቱ ዓይኗን እንኳ አላርገበገበችም፤
ደንብ ነው፣ ከዘመኗ ንቅንቅ አትልም።
"ቀበሌ?" አለችው፣ "የምን አገር ቃል ነው?
እዚህ ነጋድራስ እንጂ ሌላ ማን አለ ሰው?"

የግንባሩ ሥር ተገተረ፣ አውቃለሁ።
"እኔ እኮ፣ ልጄ፣ እዚህ ወለል ላይ ብይ ተጫውቻለሁ!
ስድሳ ስምንት ላይ ገባን፣ ቤቱ ሲወረስ፤ ቆጥሬ እነግርሻለሁ።"

"አባባ፣ ይቅርታ" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣
"ዘንድሮ ሃያ ሁለት ነው።
እርስዎ የሚሉት ገና ነው።"

ዝም አለ።
ያችን "ገና" አነሳት፣
እንደ አሞሌ ጨው ላሳት።
"እንግዲያ" አለ ቆይቶ፣ "እኔም አልተወለድኩም።
እናቴም ከዚያ መደብ ላይ ገና አልሞተችም።
ጦይባም በጭነት መኪና ተሳፍራ
'ለሳምንት ነው' ብላ
አሰብ አልወረደችም።"

የጓዳውን መቃን አውቆታል፣ ሄደ።
እዚያ ነበር ቁመታቸው በቢላ የሚጫረው፣
በየዓመቱ እሷ በስንዝር የምትበልጠው።
መቃኑ ተልጓል፣ ዘይት ጠጥቷል፤
ማንም ተደግፎት እንደማያውቅ ያበራል።
ያኔ ገባኝ፦
ቤቱን ያደሱት
እኛን ፍቀው ነው።

አውራ ጣቱ እንጨቱ ላይ ሲወጣ ሲወርድ
ልጅቱ አየችው። ወደ ቢሮው በር ዞር አለች፤ የለም ሰው።
ከዚያ በዚያው በሃያ ሁለት ድምጿ፦
"የቤቱ ወግ ነው፤ እንግዳ ቁመቱን ሳይለካ አይወጣም።"
ይህ ወግ ከደቂቃ በፊት አልነበረም።
ከምድጃው ከሰል አነሳች።
"ጫማዎን ያውልቁ።"

"የእኔን አይደለም" አላት።
መዳፉን ዘርግቶ አገጩ ሥር ያዘው፣
ትንሽ ከፍ አደረገው፣ ደግሞ ትንሽ ዝቅ፤
ስታስብ የቆየች እጅ ናት፣ አትሳሳትም።
"እዚህ ጋ። እዚህ ጋ ነው።"

የማን ነው አላለችም።
አሰመረች።

ውጪ ጉሙ ሳስቷል። ዘበኛው ሰዓቱን መለሰለት፣
የነጣው ቀለበት ተሸፈነ።
ፒያሳ እስክንወርድ ምንም አልተናገረ።
ሚኒባሱ ሲሞላ ግን፣ ድንገት፦
"መቶ ሃምሳ ብር! ለሁለት ሰው! ኪራዩ እኮ በወር ሰባት ብር ነበር።"
ቆየና፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣
"የሦስት ወር ውዝፍም ነበረብን" አለ፣
"እናቴ ሳትከፍለው የሞተችው።"