ትነሳለች፣ አትነሳም

ታርቱ፣ ከወንዙ ዳር፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ግድግዳ ሙሉ ዕቅድ ነበረን ለሚያይ፤
ቢጫ ወረቀቱ፣ ቀስቱ፣ ሳጥን፣ ክቡ፣
እኔ ነበርኩ ሣዩ፤ ኢንድሬክ ባለ ሐሳቡ።

ለደሴቷ ጀልባ፣ ለበረዶው ባሕር፣
ዛሬ መነሳቷን ቀድሞ የሚናገር
ፕሮግራም ልንሠራ ተዋዋልን በመስከረም፤
በታኅሣሥ እንሥል ነበር። በየካቲትም።

ስብሰባ ስብሰባን እየወለደልን
የልጅ ልጁን ሳምን፣ ስም አውጥተን ዳርን።
“ሚሊዮን ሰው ቢመጣ እንዲሸከም” ይላል ኢንድሬክ፤
ደሴቷ ላይ ያለው ሁለት መቶ ሰው ነው፣
በጎቹን ትተን።

ቪርቬ ሒሳብ ክፍል ናት፤ ኮድ የቀመሰች በማታ ትምህርት።
እናቷ ከዚያች ደሴት
ኩላሊቷን ልትታጠብ በሳምንት ሦስቴ ትሻገራለች።
አንድ ማክሰኞ፣ ብርዱ ጥርስ ሲያፋጭ፣ ወደቡ ላይ ቆማ ቀረች፤
ጀልባዋ እንደማትመጣ የነገራት የለም።
ቪርቬ አልጮኸችም።
ዓርብ ማታ ሾርባ አሙቃ ተቀመጠች፤
ቅዳሜ ሲነጋ አንድ ገጽ አወጣች፣
ነጭ፣ አርማ የሌለው፣ ካንድ ዳር እስከ ዳርቻ፣
“ትነሳለች” ወይ “አትነሳም”፤ አንድ ቃል ብቻ።

እሑድ እሑድ በአንድ ሰዓት ይሳሳት ነበር።
ካፒቴኑ ሜሊስ ደወለ፦
“ልጄ፣ እሑድን ገደልሽው፤ የቀረው ግን ልክ ነው!”
ሰኞ ማታ አስተካከለችው።

እኛ ሳቅን። ማለቴ፣ እኔ ሳቅሁ።
“መሠረት የለውም፣ ይፈርሳል ሲሰፋ” ብዬ ተነበይሁ።
በእኛ ዕቅድ ውስጥ፣ እውነት ነው፣ አንዲት ስህተት የለችም፤
ያልተወለደ ልጅ አይደናቀፍም።
የሰማይዋን ላም ቀንድ ስንወለውል ከርመን፣
የቪርቬ ፍየል ታልባ ወተቱ ደረሰን።

በመጋቢት፣ ዕቅዱን ጠቅልዬ፣ በብብቴ ይዤ፣
ለደሴቷ ምክር ቤት ላስረዳ፣ በሌሊት አውቶቡስ ተጉዤ
ወደቡ ስደርስ፣
እርጥብ አግዳሚ አጠገብ የቆመች አሮጊት፣
ክንዷ በፋሻ የታሰረ፣
“ምንድን ነው የያዝከው?” አለች።
“ዕቅድ ነው።”
“የምን?”
“የጀልባዋ።”
“ጀልባዋማ ዛሬ አትነሳም” ብላ ስልኳን አሳየችኝ፤
ነጩን ገጽ። አንዱን ቃል።

ጥቅሉን አግዳሚው ላይ ዘረጋሁት።
ጎን ለጎን ተቀመጥንበት።
“ወፍራም ነው” አለች ዳስሳው፣
“ይሄስ ደግ ነገር ነው፤ ብርድ አያሳልፍም።”