ሦስት ሰከንድ

ጉም ጦሳን ሳይለቀው፣ መብራት ሳይመጣ፣
ደርበው ደወለ፣ ድምፁ እንቅልፍ ያጣ፦
«ማቅለሚያው ቆመ እኮ፣ ጨርቁ ገንዳ ውስጥ ነው፣
ዘሓራ ድረሺ፣ ሌላ ማን አለን ሰው?»

ከቧንቧ ውሃ ላይ ሚኒባስ ተሳፍሬ፣
ላፕቶፔን ጭኔ ላይ በሻርፕ ቋጥሬ፣
ሐረጎን ስንወርድ፣ ሦስተኛው መታጠፊያ፣
ሲኖትራክ ገጠመን፣ አጣን ማለፊያ።
እሱ ሽቅብ ወጥቶ፣ እኛ ቁልቁል ወርደን፣
የአንድ ሰው መንገድ ላይ ለሁለት ተማግደን።
ወራጅ ለወጪው እንዲለቅ ሕጉ ቢያዝም፣
ጥሩምባ ጮኸ እንጂ የለቀቀ የለም።
ኋላ አንድ ረዳት ወርዶ ድንጋይ ይዞ፣
እኛን ወደ ኋላ መለሰን በእጁ አዝዞ።

ኮምቦልቻ ይሞቃል። ጃኬቴን አወለቅኩ፣
ገመዱን ሰክቼ ስክሪኑን ጠበቅኩ።
ነጭ ፊደል ወረደ፣ መስመር በመስመር፣
ማሽን ሲነቃ ለራሱ የሚያወራው ነገር፦
መጀመሪያ ከርነሉ፣ የቤቱ አባወራ፣
በጨለማ ተነሥቶ በየስማቸው ሲጣራ፤
ሜሞሪውን ለክቶ፣ ሰዓቱን ሞልቶ፣
መንገዱን ይከፍታል ባሱን አስነሥቶ።
(«ባስ» ነው የሚሉት፤ እንደኛው ሚኒባስ
መንገደኛ አይደርስም እሱ ሳይንቀሳቀስ።)
ከዚያ ዲስኩ፦ አለሁ።
ከዚያ ኔትወርኩ፦ አለሁ።
ከዚያ ሚዛኑ፣ የቀለሙን ግራም የሚለካው፦ አለሁ።
ከዚያ ቴርሞሜትሩ፦

ዝም።
አንዲት ነጥብ ብቻ፣ ብልጭ ድርግም።

ከኋላዬ ቆመው አንዱ «ጠበል ርጩበት» አለ፣
አንዱ «ዱዓ ይደረግ»።
ወሎ ነውና ሁለቱም ይሆናል፤ አልተቃወምኩም።

አጠፋሁ፣ አበራሁ። ተነሣ! ጭብጨባ።
ደግሜ አበራሁት፤ ያው ዝምታ ገባ።
አንዴ ይነሣል፣ አንዴ ይተኛል፣
እንዲህ ያለው በሽታ ሐኪም ያሞኛል።

ሁለት ሰዓት ፈጀ። አንድ ሳምቡሳ፣ የቀዘቀዘ ሻይ።
ከዚያ አየሁት፦
ሚዛኑም ቴርሞሜትሩም በየድራይቨራቸው
«የጥሪ መስመር አሥራ አንድ የኔ ነው» ብለው ጽፈዋል።
ቀድሞ የነቃው ይይዘዋል።
ሚዛኑ የቀደመ ቀን
ውሃው ፈልቶ ቴርሞሜትሩ ይጣራል፣
ጥሪው የሰው ቤት ያንኳኳል፣
ሚዛኑ በሩን ከፍቶ «እኔን አይደለም» ብሎ ይዘጋል።

እንድሪስ ትዝ አለኝ፣ ወንድሜ።
አባባ ሆጤ ያለችውን ያችን አንዲት ክፍል
ለእሱ «ያንተ ናት» አለው፣ ለኔ «ያንቺ ናት» አለኝ፣
ለየብቻችን፣ በፍቅር።
አባቴ ክፉ አልነበረም። መዝገብ አልያዘም እንጂ።
እንድሪስ ቀድሞ ነቃ። ቁልፉን ለወጠ።
እኔ ዝም አልኩ። ስድስት ዓመት።

መድኃኒቱን አውቀዋለሁ፦
መስመሩን ይጋሩ፤ ጥሪ ሲመጣ ሁለቱም ይጠየቁ።
ወይ አንደኛው ሌላ ቁጥር ይሰጠው።
ግን ካርዶቹ አርጅተዋል፣ ቁጥሩ በብየዳ ታስሯል፣
የሠራቸው ድርጅት ከተዘጋ ቆየ፣
ደርበውም ሰዓቱን ያያል።
ሚዛኑ መስመር ቢያጣም መላ አለው፤
በየቅጽበቱ ራሱ ሄዶ ይጠይቃል።
ቴርሞሜትሩ ግን ያለዚያች መስመር ዲዳ ነው።

ስለዚህ አንዲት ትእዛዝ ጻፍኩ፦
ሚዛን፣ ሦስት ሰከንድ ቆይ።

ፈውስ አይደለም። ከሥሩ ለሚመጣው ሰው
በአማርኛ አሰፈርኩ፦ «ይህ ማስታገሻ ነው።
የቀን ጉዳይ እንጂ ይገለበጣል።
ይቅርታ። ዘሓራ።»

አሥር ጊዜ አጠፋሁት፣ አሥር ጊዜ ነቃ።
ስልሳ ዲግሪ። ቀዩ ጨርቅ ገንዳው ውስጥ መዞር ጀመረ።
ያጨበጨበ የለም፤ ሁሉም ወደ ሥራው።

ማታ ሽቅብ ስንመለስ፣ ያው መታጠፊያ፣
አንድ ወራጅ አይሱዙ ሳንጠይቀው ወደ ኋላ ሄዶ
ሰጠን ማለፊያ።
ሾፌራችን መብራት ብልጭ አደረገለት።
ስልኬን አወጣሁ። «እ» ውስጥ ፈለግኩት፣ አለ፣ አልጠፋም።
ሦስት ሰከንድ ቆየሁ።
ደወልኩ። ጠራ፤ አንዴ፣ ሁለቴ…
ጉሙ ውስጥ ገባን፣
ኔትወርኩ ተቋረጠ።