ሦስት ወር የሚለው ሣጥን

ከቴክኒክና ሙያ ቢሮ የመጣው ቅጽ
ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ቀን አደረ፤
ጥጉን የሞተር ዘይት ነክቶት
እንደ ሰነበተ ሙዝ ጠቆረ።

“የድርጅቱ ስም።” ይኼ ቀላል ነው፦
አንጓች የጀልባ ሞተር ጥገና።
“አድራሻ።” ባሕር ዳር፣ ከወደቡ ዝቅ ብሎ፣
ደረጃው አልቆ ሲጀምር ጣና።

“የሙያ ዘርፍ፤ አንዱን ይምረጡ።”
የመኪና አለ፤ የብረታ ብረት አለ፤ የኮንስትራክሽን አለ፤
እጁ ውሃ ውስጥ ሆኖ ብሎን የሚፈታ ሰው
ከዝርዝሩ ጎደለ።

“የሥልጠናው ጊዜ።” ሣጥኑ አንድ ነው፤
ውስጡ “3 ወር” ተብሎ ታትሟል።
ብዕሬ እዚያ ሲደርስ
ነዳጅ እንዳለቀበት ጀልባ ቆሟል።

በሦስት ወር ሰው ምን ይማራል?
በመጀመሪያው የቁልፍ ቁጥር፤
በሁለተኛው ጣቱን ማትረፍ፤
በሦስተኛው ማን ከፍሎ እንደሚሄድ፣ ማን “ነገ” ብሎ እንደሚቀር።
ከዚያ መዝገቡ ይፈረማል፣ ማኅተም ይመታል፤
ሞተሩን መስማት ሲጀምር፣ ልጁ ይሄዳል።

እኔን ያስተማረኝ ጋሽ ውድነህ
ዓመት ሙሉ ባትሪ አስይዞኛል፤
“ከፍ አርጊው! ዝቅ! ዓይኔ ላይ አታብሪ!”
እያለ ሲቆጣኝ ዛሬም ይሰማኛል።
ደሞዝ አልነበረም። ዓሣ ነበር፤
አንዳንድ ቀን እሱም አልነበረም።
ያን ዘመን የሚያሞግስ ያሞግስ፤
ባትሪ መያዝ ሙያ አይደለም።

የሒሳብ ደብተሬ ደግሞ አፍ አለው፦
“አንጓች፣ ክረምቱ እየገባ ነው፤
መክፈል የምትችይው ለአንድ ሰው።”

የመጡት ግን ሁለት ናቸው።

ዳግማዊ ከኮሌጅ ነው፤ ደረጃ ሦስት፣ ሲኦሲ ያለፈ፤
የሞተሩን ሥዕል በስልኩ ከፍቶ
ስለ ፒስተኑ፣ ስለ ቀለበቱ፣ ሳልጠይቀው ለፈለፈ።
ልክ ነው የሚለው። አንዱንም አልሳተ።

ይርሳው ከወራሚት ነው፤ ከሰባተኛ አቋርጦ
የአጎቱን ጀልባ ይቀዝፋል።
ወረቀት የለውም። ደጃፌ ላይ ቆሞ
ሞተር በሞተር እያየ ያልፋል።

ማክሰኞ ጠዋት የዘጌው ጀልባ
እየሳለ ደረሰ፤
አንድ ጊዜ ጮኸና
ትንፋሹን ወደ ውስጥ መለሰ።
“ካርቡሬተር ነው” አለ ዳግማዊ። እኔም አልኩ።
ይርሳው ምንም ሳይል ተንበርክኮ
ከፕሮፔለሩ ሥር እምቦጩን በክንዱ እየጠቀለለ አወጣ፣
እንደ ተፈታ ጠጉር የረዘመ።
ሞተሩ ተነሣ። ሳቅን።
ደቂቃ ሳይሞላ ግን መልሶ አነቀው።
ካርቡሬተሩም ነበር።
ሁለቱም ልክ፤ ሁለቱም ግማሽ። እኔም ግማሽ።

ሲፈቱት የ14 ቁልፌ ጥልቅ አለ፤ ጣና ዋጠው።
ማን እንደጣለው አላየሁም።
“እኔ ነኝ” አለ ይርሳው፣ ገና ሳልጠይቀው።
ዳግማዊ ሱሪውን ሰብስቦ እስከ ጉልበቱ ገባ፣
በእግሩ ጭቃውን እየዳበሰ ሊፈልገው።
ዋና እንደማይችል ያወቅነው
ከወጣ በኋላ ነው።

ሌሊት ቅጹን ሳብኩት።

ሣጥኑ ውስጥ ዳግማዊን ጻፍኩ፤ ሦስት ወር ይበቃዋል፤
የጎደለው ውሃ ነው፤ ውሃውን እዚህ ያገኘዋል።
ኮሌጁ ነው የላከው፤ ከእኔ ምሳና ፊርማ ይጠብቃል።

ለይርሳው ሣጥን አልነበረም።
ወረቀቱን ገልብጬ፣ በእጄ አሰመርኩ፦
“ሁለት ዓመት።
ደሞዝ፦ ከመጀመሪያው ወር፤ ትንሽም ብትሆን በብር፤ በዓሣ አይደለም።
ማታ፦ ትምህርት። ስምንተኛን ሳይጨርስ ሞተር ብቻውን አይፈታም።
ጉዳት፦ አንድ የ14 ቁልፍ። ጣና ጋ ነው። ከማንም አይቆረጥም።”

ቢሮው የጀርባውን ያነብ እንደሆነ እንጃ።
እኔ ግን ሳይነጋ ተነሥቼ
ከሥራ ጠረጴዛው በላይ፣ ከወራጁ ላይ
አንድ ረጅም ምስማር መታሁ።

ባትሪውን እሱ ይያዝ።