ሁለት ጣት

ገብስማዋ ዶሮ አንድ ዓይኗ አብጦ፣
ላባዋ ቆሞ፣ ትንፋሿ በአፏ ተቆራርጦ፣
ከውሃው ሳህን ዳር ኩርምት ብላ ሳገኛት፣
እትዬ ስንዱ በአጥሩ አሻግራ አየቻት።
«ሳትሞትብህ እረዳት፤ ፈንግል ነው፣ ስድስቱንም ትጨርሳለች፤
ዶሮ ጭራ ጭራ ካራ ታወጣለች።»

ቢላዋውን አወጣሁ፣ አልዋሽም። ስዬ
መልሼ ከተትኩት፣ ነገ ይሁን ብዬ።

ከፍራንኮ ወረድ ብሎ ካለው የከብት መድኃኒት ቤት
ገመቹ የሚባል ልጅ ዓይኗን ገልጦ አያት።
«ፈንግል አይደለም» አለኝ፤ «ጉንፋን ነው፣ ግን ይዛመታል፤
ለብቻዋ ያድርጓት። ይሄ ዱቄት በውሃ ይበጠበጣል።»

«ለብቻ» የሚለውን ቃል እኔ አውቀዋለሁ፤
አምና ስድስት ወር ሙሉ ከውስጡ ኖሬያለሁ፣
ሳንባዬን ታምሜ፣ ኪኒን በጭብጥ ስውጥ፣
ብርጭቆዬ ቀይ ክር ታስሮበት ለብቻው ሲቀመጥ።

አስራ ስምንት ቀን በቲማቲም ሳጥን፣
ከአልጋዬ ግርጌ፣ እኔና እሷ ሁለታችን።
ሌሊት ተሳቢ መኪና በአስፋልቱ ሲያጓራ
ብንን ትላለች፤ እኔም ከእሷ ጋራ።
ሾፌር ነበርኩ፤ የጅቡቲን መንገድ በእንቅልፌ አውቀዋለሁ፤
ለዶሮ ማውራት ጀመርኩ፣ የት የት እንዳደርኩ ነግሬያታለሁ፤
አዋሽ ላይ ጎማ ፈንድቶብኝ፣ ሚሌ ላይ ውሃ አጥቼ፤
እሷ በቆሎ ትለቅማለች፣ እኔ አወራለሁ ተኝቼ።

አስራ ዘጠነኛው ቀን ሁለቱንም ዓይኗን ከፈተች፤
ጉትዬዋ ቀላ፤ የሳጥኑን ክዳን በራሷ ገፍታ ገለበጠች።

ደስ ብሎኝ፣ እንደ ሞኝ፣ በጠራራ ፀሐይ
ለቀቅኳት ከፊታቸው፣ «መጣች!» ብዬ፣ ግቢው መሃል ላይ።

ስድስት አንገት ቀና አለ። ዝም።
ይህን ዝምታ እድር ቤት ስገባ ሰምቼዋለሁ፤ አልረሳውም።
ከዚያ ነጯ መጣች፤ ከአንድ እናት አብራት የተፈለፈለች፤
አናቷን ወጋቻት። ጥቁሯ ደገመች። ትንሿ ሰለሰች።
አውራው ክንፉን እየጎተተ ዞራት፣ ከሌላ ሰፈር እንደመጣች ሴት፤
ገብስማዋ ቆጡ ስር ገባች፤ ደም ነበረባት።

እትዬ ስንዱ ከአጥር ላይ፦ «ነግሬህ ነበር፤
ዶሮ ቂም አትረሳም!» «ረስተዋት ነው እንጂ» አልኳት፣ «ይሄ ሁሉ ነገር።»

ገመቹ በስልክ ሳቀብኝ፦ «ጋሼ፣ በቀን አይሆንም!
መጀመሪያ በሽቦ ይተያዩ፤ በአንድ ቀን ማንም አይላመድም።
ጥሬውን ሰፋ አድርገው ይበትኑት፤ ውሃው ሁለት ቦታ ይኑር፤
ከዚያ ማታ፣ ቆጥ ላይ ሲሰፍሩ፣ በጨለማ ያስገቧት፤ አብራቸው ትደር።
ሲነጋ ሁሉም ያያታል፤
ትናንት ነበረች? አልነበረችም? ግራ ይገባዋል።»

አምስት ቀን በሽቦው ወዲያና ወዲህ ተያዩ፤
አንድ አቧራ ታጠቡ፤ የአዳማ ነፋስ ሽቦ አያውቅም፣ በዚያ አልተለያዩ።

በስድስተኛው ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሰማዩ ዳምኖ፣
በሁለት እጄ ይዣት ገባሁ፣ ልቧ በመዳፌ ውስጥ ሞተር ሆኖ።
ከቆጡ ጫፍ አስቀመጥኳት። ማንም ድምፅ አላሰማ።
አንዷ ብቻ በእንቅልፏ «ቅርር» ብላ ተወችው፣ በጨለማ።

ሲነጋ በሩን ከፈትኩ፤ ስድስት ወጡ። ቆይቶ ሰባት።
ነጯ አንዴ ጠቅ አደረገቻት፣ ለወጉ ያህል፤ እሷም መለሰችላት።

ተመለሰች ማለት ግን እንደ ድሮው ማለት አይደለም፤
ድሮ ከቆጡ ሦስተኛ ነበረች፤ አሁን ጫፍ ናት፣ እንቁላልም የለም።

ማታ ማታ በስልኬ መብራት ክፍተቱን እለካለሁ፤
በእሷና በጥቁሯ መሃል፣ ቀስ ብዬ፣ እጄን እዘረጋለሁ።
መጀመሪያ ክንድ ነበር። ሳምንት ሳይሞላ ስንዝር።
(ጋሽ ቶሎሳ ያኔ ከእኔ ፈቀቅ ያለው፣ አግዳሚው ላይ፣ ክንድ ከስንዝር ነበር።)
ትናንት ጋት።
ዛሬ ነፋሱ ቆርቆሮውን ሲያንቀጠቅጥ ገብቼ አየኋት፤
ሁለት ጣት።

ከመስጊዱ ጀርባ ድንኳን ተተክሏል፣ የሰፈር ሰው ሞቶ።
በቀን አልሄድኩም። አሁን ልሂድ፣ ካርታው ሲበወዝ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ፤
ከአግዳሚው ጫፍ እቀመጣለሁ፣ ማንንም ሳልጣራ።
ሲነጋ ይቁጠሩኝ።
በሩን ዘጋሁ፣ ድንጋይ አስደገፍኩ፤ ኮቴን አራገፍኩት ከላባና ከአቧራ።