የሌሊት ታዛቢ

ሳስካቱን በየካቲት፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፤
ሰማዩ የብረት ክዳን፣ መሬቱ የመስታወት መንገድ።
ልጆቹ ሲወጡ እኔ እገባለሁ፣
ባልዲዬን እገፋለሁ፣
ወንበሮቹን ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ እሰቅላለሁ።

ክፍል አሥራ ሁለት ግን ጠረኑ ሌላ ነው፦
እርጥብ ጓንት፣ ሙጫ፣ የካሮት ልጣጭ።
በመስኮቱ ደፍ ላይ ሃያ ሦስት የእርጎ ኩባያ፣
በየኩባያው ፉርሽካ፣
በፉርሽካው ውስጥ የሚርመሰመስ ቢጫ ትል።

«ነቀዝ!» አልኩ ገና እንዳየሁ።
ሻሸመኔ የእህል መጋዘን ጠባቂ ሳለሁ
ስንቱን ዘሩን በመድኃኒት ጭስ ፈጅቻለሁ!
እጄ ወደ ቆሻሻው ከረጢት ሊሰድደው ሲል
አንድ ወረቀት ያዘኝ፣ በሰማያዊ እርሳስ የተጻፈ፦
«እባክህ አትጣላቸው። ስም አላቸው።
እኛ የምናያቸው ቀን ቀን ነው፤
ሌሊት የሚያደርጉትን ማንም አያውቀው።
አንተ ጻፍልን። ጆማርና ዝላታ።»
ከጎኑ አጉሊ መነጽር፣ በክር የታሰረ።

እኔ?
«እንቁላል፣ እጭ፣ ሙሽሬ፣ ጉልምስ»፣
እንደ ዳዊት ደግሜው፣ ለፈተና ሸምድጄው፣
የሰሌዳውን ነገር እዚያው ሰሌዳው ላይ ትቼው፣
አንዲት ሙሽሬ በዓይኔ ሳላይ
አሥረኛ ክፍል የጨረስኩ ሰውዬ
በአምሳ ሁለት ዓመቴ ተንበረከክሁ፣
አንድ ዓይኔን ጨፍኜ።

አንደኛው ሌሊት፦ «ምንም።»
ሁለተኛው፦ «ምንም። የካሮቱ ጠርዝ ተበልቷል።»
ሦስተኛው፦ «የጆማር ትል ቆዳውን አወለቀ፣
እንደ ጠበበው ሸሚዝ። ከሥሩ እንደ ወተት ነው።»
አምስተኛው፦ «መብራት ሳጠፋ ወደ ላይ ይወጣሉ፣
ሳበራ ይደበቃሉ። የሌሊት ሠራተኞች ናቸው፤
እኔን አልገረመኝም።»

ከዚያ ሙሽሬዋ መጣች።
ለካ ስሟን ያወጣላት ሰው አይቷት ኖሯል!
ተከናንባ፣ አንገቷን ደፍታ፣
አትበላ፣ አትራመድ፣
ነካ ሲያደርጓት ብቻ ወገቧን ነቅነቅ፣
ሚዜዎቿ እንደሚያስቋት፣ እሷ ግን ላለመሳቅ።
ስሟን ሸምድጄ ያመለጠኝ ይህ ነበር።

የዝላታዋ የተሰነጠቀች ሌሊት እጄ ተንቀጠቀጠ፤
ጥንዚዛው ገና ነጣ ያለ፣ ክንፉ ያልጠነከረ፣
ከራሱ ልብስ እየታገለ ወጣ።
ቸኩዬ ጻፍሁ፦ «ሌሊት፣ አራት ሰዓት ከሩብ። መጣ!»

በማግሥቱ የጠበቀኝ ወረቀት ምስጋና አልነበረበትም፦
«ሚስተር ወን፣
(ወንድይራድ ብሎ የሚጨርሰኝ የለም)
አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቤትህ ትሄዳለህ፤
አራት ሰዓት ላይ እንዴት አየኸው?
ወይዘሮ ፍሪሰን ሳይንቲስት አይገምትም ብላለች። ጆማር።»

ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ተናደድሁ፤ ቀጥሎ
በልጅ ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው፣
ሁለት ሰዓት ሣልሁ ጎን ለጎን፦
«የእኔ ሰዓት ጀምበር ስትጠልቅ ነው ሀ የሚለው፤
ጨለማው አንድ ሲል እናንተ ሰባት ትሉታላችሁ።
ስድስት ደምሩ። አልገመትኩም። አይቻለሁ።»

ደመሩ።
በግድግዳው ሠንጠረዥ አንድ ዓምድ ተጨመረ፣
በማስመሪያ ሳይሆን በእጅ፣ ጠመም ብሎ፦
«የሚስተር ወን ሰዓት።»

አሁን መጋቢት ነው። ኩባያዎቹ ተነሥተዋል፤
በደፉ ላይ የባቄላ ችግኝ ቆሟል።
የኪሻን ሙሽሬ ግን ጠቁራ ቀረች፤
በክብሪት ሳጥን ውስጥ ናት፣ በመሳቢያው፤
ለመቀበር አፈሩ እስኪለሰልስ ትጠብቃለች።

ትናንት ኮሪደሩን ስጠርግ
ከመጥረጊያዬ ፊት አንድ ጥቁር ነገር ሮጠ።
የሻሸመኔው እግሬ ተነሣ፤
አየር ላይ ቀረ።
ከምሳ ዕቃዬ ካሮት ቆረስሁለት፣
ከኪሴ እርሳስ ፈለግሁ፦
«አንድ ጉልምስ። ኮሪደር፣ ከውኃ መጠጫው ሥር።
ሌሊት ሦስት ሰዓት (ስድስት ደምሩ)።
የማን እንደሆነ አልታወቀም።
ደህና ነው።»