ሲጠብቅ ሲላላ

መጀመሪያ ሰሞን ኩራተኛ መስላን፣
ሰላም ስንላት በፈገግታ ብቻ ጥላን
እብስ ስትል በመምህራን ክፍል በር፣
«ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» ተብሎ ነበር።
ማን ይጠርጥራት? ጠይም ናት፣ ጥርሷ ፍንጭት፤
ባለ ባጃጁ ሁሉ «እህት፣ ሆጤ ነሽ?» ሲላት
ዝም።

ለካ የኬንያ ሰው ናት፤ ማቻኮስ የሚሉት አገር፤
ሁለት ዓመት ሳይንስ ልታስተምር
በፈቃዷ የመጣች፣ በኪስ ገንዘብ ብቻ የምታድር።
ስሟ ምዌንዴ።
አከራይዋ እትዬ ጦይባ ቢያዳግታት፣ ቆርጣው ባንዴ
«ውዴ» አለቻት። «ነይ እስቲ፣ ውዴ።»
ኋላ ትርጉሙን ብንጠይቃት በነሱም ቋንቋ ያው ነው፦
የተወደደች።

ከተማው ሁሉ ሲያደናግራት ሰዓታችን ብቻ አላሳታትም፤
በነሱም አገር ጠዋት ሁለት፣ ሁለት ነው እንጂ ስምንት አይባልም።
ብርዱ ግን!
የጦሳ ጉም በተሰበረው መስኮት ዘው ብሎ
የኋላ ወንበሮችን ከነልጆቻቸው ጠቅልሎ፣
እሷ ሁለት ሹራብ ደርባ፣ ጠመኔ ይዛ ፊት ቆማ፣
የውሃን ዑደት ታስረዳለች፤ ደመናው ራሱ ገብቶ እየሰማ።
ቅዳሜ ሲሆን በሚኒባስ ሐረጎን ቁልቁል ወርዳ
ኮምቦልቻ ፀሐይ ትሞቃለች፣ እንደ ዘመድ ቤት እንግዳ።

ውሃ በፈረቃ ነው ሰፈራችን፤ ሐሙስ ሌሊት ከመጣ መጣ፤
ቢጫ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ከክፍሏ ስትወጣ፣
«ውሃ አለ?» ትላለች፣ ‹ለ›ን አላልታ፤
«ማን አለ? ማነው ውሃ ያለው?» ትላታለች
አንሻ፣ የጦይባ ልጅ፣ ተንከትክታ።

ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማታ ማታ አማርኛ የማስጠናት እኔ ነበርኩ።
«ስሚ፤ ሲጠብቅ መኖር ነው፤ ሲላላ ደግሞ መናገር፤
ፊደላችን ምልክት የለውም፤ ጆሮ ነው የሚያውቀው ነገር።»
«የኔ ጆሮ የማቻኮስ ነው» አለችኝ።

ሰባተኛ ለ፣ ስልሳ ስምንት ልጅ፤ ጠዋት ስም ስትጠራ
ሳቁ እኔ ክፍል ይሰማል፣ እንደ ጠጠር ቆርቆሮ ላይ ሲዘራ።
«ሞሚና አለች?»
«ኧረ ምንም አላለችም፣ ቲቸር!»
«ኑርዬ አለ?»
«አላለም!»
ገብቷታል እኮ። ግን አታርመውም።
ብርድ ነው፤ ሳቅ ክፍል ያሞቃል።

ከዚያ ኅዳር ላይ፣ አንድ ሰኞ፣
«ይማም አለ?»

ማንም አልሳቀ።
ይማም፣ አሥራ ስድስት ዓመቱ፣ የፊት ወንበር፣
በጆንያ ላይ በከሰል ደመና ስሎ የሰጣት፣
በባቲ አድርጎ፣ በሎጊያ፣ ወደ ባሕሩ፣
ከደላላ ጋር ባንድ ሌሊት።
ለእናቱ እንኳ።
ቆይታ ቆይታ ሞሚና ከመሃል ተነሣች፣
«ምንም አላለም፣ ቲቸር።»

ያን ጨዋታ ከዚያ ወዲያ ማንም አልተጫወተውም።
ርዕሰ መምህሩ አቶ ደርበው መዝገቡን ገልጦ
«ይሄ ስም ይሰረዝ» ቢላት፣ ደግሞ ቢላት፣
ያን ቀን አማርኛ አልገባትም።
ሰኔ እስኪያልቅ ጠዋት ጠዋት ጠራችው፤
ጠርታ፣ ትንሽ ቆይታ፣ ወደሚቀጥለው።

ሐምሌ ላይ ሄደች።
እትዬ ጦይባ ጀሪካኑን ለማንም አልሰጠችም፤
ሐሙስ ሌሊት ትሞላዋለች።

ዘንድሮ ልጆቹ ስምንተኛ ገብተዋል፤ መዝገቡ እኔ እጅ ነው።
መስኮቱ እንደ ተሰበረ ነው።
ጉሙም ቀድሞኝ ገብቶ ቦታውን ይዟል።
ከ‹ሀ› ጀምሬ እጠራለሁ፤ ‹የ› ላይ ስደርስ፣
አቶ ደርበው በቀይ የሰረዘው መስመር ላይ፣
ሃያ ዓመት ማጥበቅ ማላላት ያስተማርኩት ሰውዬ፣
አፌ ራሱ አላላው፦

«ይማም አለ?»